ምንም አይልም ያሉት ማፈኛ

ራውኖ የሳካሪን የጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ ፈትቶ ወደ ውስጥ ሲያይ ፊቱን አዞረ።

«እንትፍ!» አለ። «ይሄ የጠመንጃ ማፈኛ ነው ወይስ የበሰበሰ የዓሣ ሆድ?»

የወጣው ጥቁር ዝቃጭ ነው። የስድስት ዓመት የእርሳስ ብናኝ፣ የባሩድ ጥላሸትና ዘይት አንድ ላይ ተላቁጦ፣ ጠረጴዛው ላይ በተነጠፈው ጋዜጣ ላይ ዝልግልግ እያለ ወረደ። መሃሉ ላይ ሁለት የሞቱ ዝንቦች ነበሩበት። ሽታው አይነሳ! ራውኖ አርባ ዓመት በትራክተር መለዋወጫ ፋብሪካ ቶርኖ ላይ ቆሞ ብረት ሲቀርጽ ስንት የገማ ዘይት አሽትቷል፤ እንደዚህ ያለ ግን አልገጠመውም።

ሳካሪ የኩርኪያርቪ መንደር የተኩስ ክበብ ሊቀመንበር ነው። በሩ ላይ ቆሞ ኮፍያውን በእጁ ያሽከረክራል።

«መጽዳት አለበት ብሎ የነገረኝ የለማ» አለ።

«ሽንት ቤት ገብተህ መጠራረግ እንዳለብህስ ማን ነገረህ?»

ሳካሪ ኮፍያውን ገልብጦ ውስጡን አየ። የሳቮ ሰው ነው፤ በዚያ አውራጃ ነገር በቀጥታ አይነገርም።

ነገሩ የመጣው በጋ በጋ ከሚመጡት ባለጎጆዎች ነው። ከሐይቁ ማዶ ጎጆ የገዙ የከተማ ሰዎች የተኩሱ ድምፅ እንቅልፍ ነሳን ብለው ለማዘጋጃ ቤት አመለከቱ፤ ማዘጋጃ ቤቱም ከነሐሴ ጀምሮ ያለ ድምፅ ማፈኛ አንዲት ጥይት እንዳትተኮስ ብሎ ጻፈ። ለክበቡ ይሄ ችግር መሆን አልነበረበትም። አስራ አራቱም አባላት ማፈኛ አላቸው፤ አስራ አራቱንም የሠራው ራውኖ ነው። እስከዚያ ድረስ ሰዉ ማፈኛውን ለልምምድ ያስርና የውድድር ዕለት ይፈታው ነበር። ለምን ይፈታል ብሎ የጠየቀ የለም፤ ራውኖም አልጠየቀ። በነሐሴው ውድድር ግን ሁሉም በግድ አስሮ ተኮሰ። ያን ዕለት የኩርኪያርቪ ሰዎች ጥይት ወረቀቱ ላይ እንደ ፈሰሰ ምስር ተበታተነ። ከጎረቤት መንደር የመጡት፣ በአስራ ሁለት ዓመት አንድ ጊዜም አሸንፈው የማያውቁት፣ ዋንጫውን ይዘው እየሳቁ ሄዱ።

ከዚያ ሹክሹክታው ተነሳ። ቅዳሜ ስብሰባ ተጠራ። አጀንዳው አንድ ነው፦ የራውኖ ማፈኛዎች ይጣሉና የፋብሪካ ይታዘዝ ወይስ አይታዘዝ።

ራውኖ ሚስቱን ከቀበረ አራተኛ ዓመቱ ነው፤ ልጅ አልወለደም። በዚህ ምድር ላይ የቀረው አንድ ነገር ነው፦ መንደሩ ውስጥ «ራውኖ ነው የሠራው» ከተባለ ክርክሩ እዚያው ላይ ያልቃል። የውሃ ፓምፕ ይሁን፣ የጀልባ ዘንግ ይሁን፣ የምጣድ እጀታ ይሁን። ቅዳሜ እጅ አውጥተው ሊጥሉት ያሰቡት ያንን ነው። ስለዚህ ደውሎ አዘዛቸው፦ ሁላችሁም ማፈኛችሁን ሐሙስ ዕለት አምጡ፤ በዓይናችሁ ፊት ፈትቼ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አሳያችኋለሁ።

ይኸው እያሳያቸው ነው።

«ስማኝ ሳካሪ» አለ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ያቺ ሃያ ሁለት ቁጥር የምትባለው ትንሿ ጥይት ሙልጭ ያለች እርሳስ ናት፤ እንደ ትልቁ ጥይት የመዳብ ቀሚስ የላትም። በተተኮሰች ቁጥር ትንሽ ትንሽ እርሳስ ትተፋለች። የት ይሄዳል? ማፈኛው ውስጥ ነዋ! ካላጸዳኸው ይሞላል፣ ይከብዳል። ማፈኛ በርሜል ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ክብደት ነው። ስታስረው ጥይትህ ትንሽ ወደ ታች ትወርዳለች፤ የማነጣጠሪያ መነጽርህን ታስተካክላለህ፣ አለቀ። ጥሩ ማፈኛ እንዲያውም ከጥይቷ ኋላ የሚገፋውን ጋዝ ያበርድልሃል፤ አምስቷንም ጥይት በአንድ ቀዳዳ ይከትልሃል። ክብደቱ በየወሩ ከተለዋወጠ ግን፣ በዚህ አይነት ግም ነገር ከተሞላ ግን፣ ጌታን ብትጠራም አይመታልህ!»

«እሺ» አለ ሳካሪ።

«ደግሞ ይሄ ምንድን ነው?» ራውኖ ማፈኛው በርሜል ላይ ከሚጠብቅበት ጥርስ ውስጥ አንድ ቀጭን ነገር በጥፍሩ ነቀለ። ከቢራ ቆርቆሮ ተቆርጦ ከአንድ ወገን ብቻ የተሸጎጠ ስስ ልጣጭ ነው። የቢራው ስም ግማሹ አሁንም ይነበባል። «ቆሻሻ! በኔ ሥራ ውስጥ ቆርቆሮ ትሸጉጣለህ?»

ሳካሪ ጆሮው ቀላ። «ይላላብኝ ስለነበር ነው» አለና ዓይኑን ወደ መስኮቱ ወሰደው።

ቀጥሎ የገባው ኦይቫ ነበር። ኦይቫ ጡረታ የወጣ የደን ሠራተኛ ነው፤ ከላይኛው ከንፈሩ ስር ጥቁር ትምባሆ ወትፎ የማይታይበት ቀን የለም። ሲናገር ቡናማ ምራቅ በጥርሶቹ መሃል ይመጣል። ራውኖ ሰላሳ ዓመት ያውቀዋል፤ ሰላሳ ዓመት ያንን ከንፈር ላለማየት ዓይኑን ያሸሻል።

የኦይቫ ማፈኛ ውስጡ እንደ ሳካሪው አልከፋም። ራውኖ ግን ወደ መብራቱ አንስቶ ባየ ጊዜ ድንጋጤ ያዘው። ጥይቷ የምታልፍበት ቀዳዳ በመሰርሰሪያ ተቦርቡሮ ሰፍቷል። ዳር ዳሩ እንደ ውሻ ንክሻ ተተልትሏል።

«ኦይቫ!»

«አቤት።»

«ማን ነው ይሄን የቦረቦረው?»

ኦይቫ ትምባሆውን በምላሱ ከወዲህ ወዲያ አዛወረ። «ዝገት ይሆናል።»

«ዝገት? አሉሚኒየም የሚዝገው በየትኛው አገር ነው? አንተ ሽማግሌ ዓይኔን እያየህ ትዋሸኛለህ? የግድግዳ መሰርሰሪያ ከተህበታል እኮ!»

«እንግዲህ እኔ ምን አውቃለሁ» አለ ኦይቫ፤ ውጭ ወጥቶም ተፋ።

ራውኖ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሲያንገሸግሸው ዋለ። አንዱ ማፈኛውን በቴፕ ጠቅልሎታል። ሌላው በመዶሻ መትቶታል፤ ጎኑ ላይ የመዶሻው ፊት ታትሟል። አንዲት ማፈኛ ውስጥ ደግሞ የአይጥ ኩስ አገኘ። የመጨረሻዎቹን ሲፈታ መሳደብም ሰልችቶት ነበር። አስጠሉት። እነዚህ ሰዎች በእጃቸው ላይ ጥሩ ነገር ማስቀመጥ፣ ለእሪያ ዕንቁ እንደ መጣል ነው ብሎ አሰበ። ደግሞ ይሄን ሁሉ ዓመት ምን ሲሉት ኖሩ? ማፈኛውን ሠርቶ በሰጣቸው በሳምንቱ «እህስ፣ እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ እነሱም ሁሌ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጡታል፦ «ምንም አይልም።»

በኩርኪያርቪ ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም። ሙሽራውን ስለ ሙሽራዋ ብትጠይቀው «ምንም አትልም» ይልሃል፤ ሃምሳ ዓመትም አብሯት ይኖራል። ራውኖ ያቺን ቃል ዘጠኝ ዓመት እንደ አጃ ዳቦ ሲበላት ነው የኖረው። ማታ ማታ ብቻውን ከሳውና ሲወጣ ትዝ እያለችው ፈገግ ይል ነበር።

ቴርቱ የመጣችው መጨረሻ ላይ ነው። የፖስታ መኪና ሰላሳ ዓመት የነዳች ሴት ናት፤ የመንደሩን ሰው ሁሉ ምስጢር ታውቃለች፣ አንዱንም አውጥታ አታውቅም። ተኩስ ላይ ደግሞ የሚያህላት የለም። ጠመንጃዋን በብርድ ልብስ ጠቅልላ አመጣችና ማፈኛውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

ራውኖ ፈታው። ውስጡ ያበራል። በውስጡ የተደረደሩት፣ መሃላቸው የተበሳ ትንንሽ ሳህኖች እንደ ሠርግ ብርጭቆ ታጥበው ደርቀዋል።

«እፎይ!» አለ። «አንድ ሰው ተገኘ! ቴርቱ፣ ተባረኪ። ቅዳሜ ይሄን ይዤ ነው የምቆመው። የተጠነቀቀ ሰው እጅ ላይ የኔ ሥራ ምን እንደሚመስል ይዩ። ነይ፣ ተኩሰሽ ወረቀቱን እንውሰድላቸው።»

ቴርቱ ጠመንጃዋን አንስታ ተከተለችው።

የተኩስ ሜዳው ከቶርኖ ቤቱ ጀርባ፣ ከጥዶቹ ወዲያ ነው። ነፋስ የለም። ሐይቁ ጸጥ ብሏል። ቴርቱ ተደግፋ ተቀመጠች፣ ማፈኛውን አሰረች፣ በሃምሳ ሜትር ላይ አምስት ጊዜ ተኮሰች። ድምፁ እንደ በር መቀርቀሪያ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ራውኖ ድምፁን ሲሰማ ደስ አለው።

ወረቀቱን ሊያመጣ ሄዶ ግን እዚያው ደርቆ ቀረ። አምስቱ ቀዳዳዎች አምስት ቦታ ናቸው። አንደኛዋ ጥይት ጭራሽ በጎኗ ነው የገባችው፤ ቀዳዳዋ ክብ አይደለም፣ የመጋዝ ጥርስ ይመስላል።

«ያለ ማፈኛ ተኩሺ» አለ። የማዘጋጃ ቤቱ ክልከላ ትዝ አላለውም።

ተኮሰች። አምስቱ ጥይት በአንዲት የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ቀዳዳ ገባ።

ራውኖ ማፈኛውን ከእጇ ወስዶ ወደ ቶርኖ ቤቱ ተመለሰ፤ ቴርቱም ከኋላው። ጠመንጃውን ባዶ መሆኑን አይቶ ጠረጴዛው ላይ አሰረው፣ ማፈኛውን አጠበቀበት፣ አንድ ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ ከበርሜሉ ኋላ አስገብቶ ቀስ ብሎ ገፋ። ዘንጉ ማፈኛው ጫፍ ላይ ሲደርስ መሃል ላይ መውጣት ነበረበት። አልወጣም። የቀዳዳውን ግራ ጠርዝ ነክቶ ቆመ።

በትንሽ የእጅ መብራት አየው። ከመጨረሻዎቹ ሳህኖች ላይ፣ በግራ በኩል ብቻ፣ ጥይት ስትፍቀው የኖረች የሚያበራ የእርሳስ መስመር አለች። ጥይቷ እያለፈች ትታከካለች፣ ትገጫለች፣ ከዚያ ወደ ፈለገችበት ትሄዳለች። ቆሻሻ አይደለም። ማፈኛው ጠማማ ነው።

ለምን እንደጠመመም ወዲያው አወቀ። ይሄ ነው የከፋው፤ ማሰብ እንኳ አላስፈለገውም። ፋብሪካ እያለ አዲስ ልጅ በመጣ ቁጥር የሚያስተምረው የመጀመሪያው ነገር «ያሰርከውን ሳትፈታ ጨርስ» የሚል ነበር። ቶርኖ ላይ የታሰረ ብረት ቀዳዳውም ጥርሱም በአንድ እስራት መውጣት አለበት፤ ከፈታህ፣ ገልብጠህ ካሰርክ፣ ጸጉር የምታህል ታዛንፋለህ። ራውኖ ግን ጡረታ ወጥቶ በራሱ ቶርኖ መሥራት ከጀመረ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እየፈታና እየገለበጠ ነው የሠራው። በዚያ መንገድ ሦስት ቀን የሚፈጀው በግማሽ ቀን ያልቃል። ማን ያያል ብሎ። እኔ ራውኖ ነኝ፣ ዓይኔ አይስትም ብሎ።

የሳካሪ የቢራ ቆርቆሮ ትዝ አለው። ከአንድ ወገን ብቻ ነበር የተሸጎጠችው፤ ጠማማውን ለማቅናት። የኦይቫ መሰርሰሪያም ጥይቷ እንዳትነካ ቀዳዳውን ለማስፋት ነው። መዶሻውም፣ ቴፑም። ስንቱ ሰው በየቤቱ፣ በየጓዳው፣ የራውኖን ጥፋት በድብቅ ሲጠግን ኖሯል። እሱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አንድ በአንድ ሲያዋርዳቸው ዋለ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ።

«ስንት ዓመትሽ ነው ካወቅሽ?» አላት።

«ከመጀመሪያው ሳምንት።»

«እና ምን ነበር ያልሽኝ?»

ቴርቱ መሬት መሬት አየች። «ምንም አይልም ነበር ያልኩህ።»

«እና እኔ ደስ ብሎኝ አመሰገንኩሽ!»

«አዎ። ደስ አለህ። ከዚያ ወዲያ እንዴት ልንገርህ?»

ራውኖ ማፈኛውን ከጠመንጃው ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። የጠዋቱ ዝቃጭ ከዚህ ይሻል ነበር። ራሱን ተጸየፈ። እነሱንም ተጸየፈ፤ ዘጠኝ ዓመት ያቺን ቃል እንደ ሕፃን ከረሜላ እየሰጡ አባብለውታል። «ውጪልኝ» አላት። ወጣች።

ቅዳሜ የክበቡ ቤት ሞላ። እንጨቱ ምድጃ ነዷል፣ ቋሊማው በሰናፍጭ ቀርቧል። ሳካሪ ተነስቶ ጉሮሮውን ጠረገ። ሐሙስ ዕለት ያየው የገዛ ማፈኛው ቆሻሻ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነስቶታል።

«እንግዲህ» አለ፣ «ጥፋቱ የኛ ነው። አላጸዳንም። ራውኖ ፈትቶ አሳይቶናል፤ እኔ በበኩሌ አፍሬአለሁ። የራውኖ ሥራ እንደሆነ… ምንም አይልም። ድምፅ መስጠትም የሚያስፈልግ አይመስለኝም።»

ሰዉ ሁሉ አንገቱን ነቀነቀ። ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ነቀነቀ! ኦይቫ እንኳ ትምባሆውን ከከንፈሩ ስር ይዞ ነቀነቀ። ቴርቱ ብቻ መስኮት መስኮቱን ታያለች። ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ራውኖ ዝም ካለ ስሙ ተረፈ፤ ቋሊማውን በልቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ነገም «ራውኖ ነው የሠራው» ይባላል። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም፤ እዚህ አገር ይሄን ማንም ያውቃል።

ራውኖ አንድ ዓይነት ሽታ ሸተተው። ቋሊማው አይደለም፣ ትምባሆውም አይደለም። ሐሙስ ዕለት ከሳካሪ ማፈኛ ጋዜጣው ላይ የፈሰሰው ዝቃጭ ሽታ ነው። ስድስት ዓመት ተዘግቶ የኖረ ነገር ሽታ።

ተነሳ።

«ውሸታሞች!» አለ።

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየው።

«ሳካሪ፣ ያቺ ቆርቆሮ ለምን ነበረች? ተናገር! ኦይቫ፣ አንተ ደግሞ፣ ለምን ቦረቦርከው?»

ኦይቫ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አየ። «እንግዲህ…»

«እንግዲህ አትበለኝ! ያን ትምባሆ ትፋና እንደ ሰው ተናገር!»

ኦይቫ ትምባሆውን አውጥቶ ምድጃው ውስጥ ወረወረው። በሰላሳ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ራውኖ የኦይቫን ከንፈር ባዶውን አየ። «ጠማማ ነው» አለ ኦይቫ። «ሲበዛ ጠማማ ነው፣ ራውኖ። አንዴ እንዲያውም ጥይቷ ጫፉን ቦጭቃው ወጥታለች። በእጄ ይዤው ቢሆን ኖሮ…»

«ተመስገን!» አለ ራውኖ። «አንድ ሰው አፉን ከፈተ! ጠማማ ነው፤ ያጣመምኩትም እኔ ነኝ። ፈትቼ፣ ገልብጬ፣ ተቻኩዬ። ቆሻሻችሁ ቆሻሻ ነው፣ እሱንም አልክድላችሁም፤ ግን ጥይታችሁን የበተነው የኔ ስንፍና ነው። እናንተም ደግሞ ታስጠላላችሁ። ሰው ሊጎዳ ሲል አይታችሁ ዝም! ጎረቤት ዋንጫችሁን ሲወስድ ዝም! ራሴንም እናንተንም አይቼ ሊያስታውከኝ ነው። አሁን የፋብሪካ ይታዘዝ የምትሉ እጃችሁን አውጡ።»

ማንም አላወጣም። ራውኖ የራሱን እጅ ቀድሞ አወጣ። ከዚያ ቴርቱ። ከዚያ ቀስ በቀስ ሌሎቹ። የፋብሪካ ይታዘዝ ተባለ።

አስራ አራቱን ማፈኛዎች በከረጢት ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። ሰኞ ዕለት አንድ በአንድ በመጋዝ ለሁለት ከፈላቸው፤ ማንም አንስቶ ዳግመኛ እንዳያስራቸው። እጁ ዛለ፣ አላቆመም። በመንደሩ ውስጥ ከዚያ ወዲህ ፓምፑ የተበላሸበት ሰው ወደ ከተማ መደወል ጀመረ። ራውኖም ሰማ።

በጥቅምት መጀመሪያ ላይ ቴርቱ በሩን አንኳኳች። ጠመንጃዋን በብርድ ልብስ ጠቅልላለች።

«የፋብሪካውን አልፈልግም» አለች። «አንተ ሥራልኝ።»

«ጠማማ ለሠራልሽ ሰው ዳግም ስታዢ አላፈርሽም?»

«አላፈርኩም። ግን ያሰርከውን ሳትፈታ።»

ሦስት ቀን ፈጀበት። ቀዳዳውንም ጥርሱንም በአንድ እስራት ጨረሰ። ሁለቴ ዓይኑ ደክሞት ሊፈታው ቃጣውና ተወው። በአራተኛው ቀን ከጥዶቹ ወዲያ ወረዱ። መሬቱ አመዳይ ነክቶታል። ቴርቱ ተቀመጠች፣ አሰረች፣ አምስት ጊዜ ተኮሰች። ወረቀቱን እሷ ራሷ ሄዳ አመጣችውና አጥፋ ያዘችው።

ራውኖ ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ እንደ ተማሪ ቆሟል።

«እህስ?» አለ።

ቴርቱ አፏን ከፈተች። «ምን…»

«እንዳትይኝ!»

ቴርቱ ማፈኛውን ፈትታ በእጇ መዘነችው፣ አገላበጠችው፣ አውራ ጣቷን በጠርዙ ላይ አሳለፈች። ረጅም ጊዜ ወሰደባት፤ እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቷ ተናግራ አታውቅማ።

«ይከብዳል» አለች። «ጠርዙ እጅ ይቆርጣል። መልኩም አያምርም። አራቷ አንድ ቀዳዳ ገብታለች፤ አምስተኛዋ ወደ ቀኝ ሸሽታለች፣ እሷ ግን የኔ ጥፋት ናት፤ እጄ ቀዝቅዞ ነው።»

ራውኖ ዓይኑን እንዳታይበት ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ።

«አምጪው» አለ። «ጠርዙን ልሞርደው።»